ፊልሙ የዘለላቸው አሥር ዓመታት

ባለፈው ዓመት አንድ ዓርብ ማታ፣ ዋሂል በምንኖርበት ቤት ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ወጥረን፣ አሥራ አንድ ሆነን ፊልም አየን። ፕሮጀክተሩን ከድሬዳዋ ተውሰን በባጃጅ አቅፈን ነው ያመጣነው። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ስለሆነ እኛ ወደ አማርኛ፣ አንድ ወንድም ደግሞ ወደ ኦሮምኛ እየተረጎምን፣ ሁለት ጊዜ መብራት ሄዶ እስኪመጣ እየጠበቅን፣ የሁለት ሰዓቱ ፊልም አራት ሰዓት ፈጀብን።

እኛ ባልና ሚስት ነን። ዋሂል የመጣነው በሥራ ምክንያት ሲሆን፣ እነሆ አራት ዓመት ሞላን። አብዛኞቹ ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ናቸው፤ በዒድ ይጠሩናል፣ በገና እንጠራቸዋለን። ዓርብ ማታ ቤታችን የምትሰበሰበው ትንሽ የጸሎት ሕብረት በደህናው ቀን ከሰባትና ከስምንት ሰው አትበልጥም። ያን ዕለት አሥራ አንድ የሆንነው ፊልሙ ስለ ቦክስ ስለነበረ ነው። ከአሥራ አንዱ አንዱ ሰባት ወር ሙሉ ከሕብረታችን የጠፋ ወጣት ነበር። መጥቶ በሩ አጠገብ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

ፊልሙ "ቢግ ጆርጅ ፎርማን" ይባላል፤ የወጣው በ2023 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ቲልማን ነው። ሁለት ጊዜ የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የሆነውን፣ በሁለቱ ድሎች መካከል ደግሞ ወንጌል ሰባኪ የሆነውን አሜሪካዊ ቦክሰኛ ሕይወት ይተርካል። ፎርማን በ2025 በ76 ዓመቱ ወደ ጌታ ሄዷል።

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ በዚህ ፊልም የተባረክንበት ነገር አለ፤ ያሳዘነንም ነገር አለ። ያሳዘነንን ነገር ግን ኋላ ላይ በራሳችንም ውስጥ አገኘነው። ስለዚህ ሁለቱንም እንጻፍላችሁ።

ደስ ያለን ነገር

አንደኛ፣ ፊልሙ የሰውየውን ቁጣ ከሥሩ ያሳያል። ፎርማን በ1949 በቴክሳስ ተወልዶ በሂዩስተን ከተማ በድህነት ያደገ ልጅ ነው። ቤተሰቡ አንድ ሃምበርገር ለሁሉም ሲካፈሉ የምናይበት ትዕይንት አለ። ቁራሹ እጁ ላይ ሲደርስ የልጁን ፊት ያየ ሰው፣ በኋላ በሪንግ ውስጥ ሰውን ለምን እንደዚያ እንደሚመታ ማንም አይነግረውም። ክሪስ ዴቪስ የተባለው ተዋናይ ይህን ቁጣ በዓይኑ ብቻ ይጫወተዋል። በ1968 በሜክሲኮ ኦሎምፒክ ወርቅ ሲያገኝ፣ በ1973 ጆ ፍሬዘርን በሁለት ዙር ውስጥ ስድስት ጊዜ መሬት ላይ ጥሎ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን፣ ቁጣው ከእሱ ጋር አለ። ቀበቶውን ሲታጠቅ እንኳ አይለቀውም።

ሁለተኛ፣ ሽንፈቱን አይሸፋፍንም። በጥቅምት 1974 ኪንሻሳ ላይ መሐመድ አሊ ገመዱን ተደግፎ ፎርማንን እንዲመታው ተወው። ፎርማን መታ፣ መታ፣ ደከመ። በስምንተኛው ዙር ተዘረረ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ አየር ስለሚመታ ቦክሰኛ ተናግሯል፤ ያን ትዕይንት ስናይ ትዝ ያለን እርሱ ነው።

ሦስተኛ፣ በጌታ ስም አያፍርም። በ1977 ሳን ሁዋን ላይ በጂሚ ያንግ ከተሸነፈ በኋላ ፎርማን በልብስ መቀየሪያው ክፍል ወደቀ። እንደ ምስክርነቱ፣ ሞቶ ተስፋ በሌለበት ጨለማ ውስጥ ገባ፤ ከዚያም የኢየሱስን ስም እየጠራ ተነሣ። የዓለም ፊልም ሠሪዎች እንዲህ ያለውን ነገር ብዙ ጊዜ "መንፈሳዊ ልምምድ" ብለው ያልፉታል። እዚህ ግን ስሙ ይጠራል። እሱ ሳያምን ስታምን የኖረችው እናቱም አለች። ከእኛ መካከል ለልጆቻቸው የሚጸልዩ ሁለት እናቶች እርሷ በታየች ቁጥር "አሜን" ይሉ ነበር።

አራተኛ፣ የተለወጠውን ሰው በሥራው ያሳያል። ፎርማን ለአሥር ዓመት ቦክስ ትቶ በ1987 ሲመለስ ዋናው ጥያቄ ክንዱ ይችላል ወይ አልነበረም። ሰውን ሳይጠላ መምታት ይችላል ወይ ነበር። በኅዳር 1994፣ በ45 ዓመቱ፣ ከአሊ ጋር ሲጋጠም የለበሰውን ቀይ ቁምጣ ለብሶ፣ በነጥብ እየተመራ፣ በአሥረኛው ዙር ማይክል ሞረርን በዝረራ አሸነፈ። ከዚያም ጥግ ላይ ተንበርክኮ ጸለየ። ቤታችን በጭብጨባና በእልልታ ተናወጠ። ጎረቤታችን "ምን ተገኘ?" ብለው ብቅ አሉ፤ እሳቸውም ቁጭ ብለው መጨረሻውን አዩ።

የጎደለው ነገር

እልልታው ሲበርድ ያ በሩ አጠገብ የተቀመጠው ወንድማችን ብቻ ዝም ብሎ ነበር። ሌሎቹ ሲወጡ ቀረት አለና እንዲህ አለን፦

"ሰውየው ከዳነ በኋላ አንድ ቀን እንኳ አልወደቀም አይደል? እኔ ግን ሦስት ወር አልሞላኝም።"

ይህን ወንድም ታሪኩን ሳታውቁ ልታልፉት አይገባም፤ የምንጽፈውም በፈቃዱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ቤታችን ውስጥ ጌታን ተቀበለ። ከዚያ በፊት ቀኑ ከበርጫ ወደ በርጫ ነበር የሚያልፈው። ጫቱን ተወ፣ ሥራ ያዘ፣ ከአባቱ ጋር ታረቀ። እኛም ደስታችን ወሰን አጣ። በሁለተኛው ወር ከተማ ውስጥ በነበረ ጉባኤ ላይ እንዲመሰክር አደረግነው። ከመድረኩ በፊት በነበረው ምሽት አብረን ስንዘጋጅ፣ "ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ተሸንፌ ቅሜአለሁ፤ እሱንም ልናገር?" ብሎ ጠየቀን። እኛም "እሱ ይቅር፤ ሰው ያደናቅፋል፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው ያለህ" አልነው።

አልተናገረም። ሰው አለቀሰ፣ እልል አለ፣ አንዳንዱም ስልኩን አውጥቶ ቀረጸው። ከዚያ ቀን በኋላ ወንድማችን ሁለት ሰው ሆነ፤ አንዱ በሰው ስልክ ውስጥ ያለው ነጻ የወጣው፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ ሰዓቱ ሲደርስ አፉ የሚደርቅበት። ሁለቱን አስታርቆ መኖር አቃተውና ቀረ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። ስለ ፎርማን ሕይወት የምናውቀውን ከፊልሙ ጋር ማስተያየት ጀመርን። ፊልሙ ሁለት ሚስቶች ያሳየናል፤ ከመዳኑ በፊት የነበረችውንና ከመዳኑ በኋላ ያገባትን መልካሟን። እውነቱ ግን ፎርማን አምስት ጊዜ አግብቷል። ከ1977 በኋላ፣ ማለትም ጌታን ካገኘ በኋላ፣ ሦስት ትዳሮቹ ፈርሰዋል። በ1985 ካገባት ከአምስተኛዋ ሚስቱ ጋር ነው እስከ ዕለተ ሞቱ 40 ዓመት ያህል የኖረው። በእነዚያ ዓመታት በመንገድ ዳር ይሰብክ ነበር፤ የትንሽ ቤተ ክርስቲያን እረኛ ነበር፤ በ1984 ለሰፈር ልጆች የወጣቶች ማዕከል ከፍቷል። በዚያው ጊዜ ግን ቤቱ ይፈርስ ነበር። ፊልሙ እነዚህን አሥር ዓመታት በጥቂት ትዕይንቶች ያልፋቸዋል፤ ስብራቱን ደግሞ ጨርሶ አያነሣውም።

ፊልም ሁሉን ነገር ሊይዝ አይችልም፤ ይህን እናውቃለን። መቆረጥ ያለበት ይቆረጣል። ጥያቄው ምን ተቆረጠ የሚለው ነው። ከመዳኑ በፊት የነበረው ኃጢአቱ ሁሉ ተቀምጦ፣ ከመዳኑ በኋላ የነበረው ውድቀቱ ሲወጣ፣ ተመልካቹ ሳያውቀው አንድ ትምህርት ይዞ ይሄዳል፤ "የዳነ ሰው አይሰበርም፤ ከተሰበረ ግን መጀመሪያውኑ አልዳነም።" ያ በሩ አጠገብ የተቀመጠው ወንድማችን ይዞት የሄደው ይህን ነው። ይህን ትምህርት ግን ከፊልሙ በፊት ያስተማርነው እኛ ነን። ፊልም ሠሪዎቹ በሁለት ሰዓት የሠሩትን እኛ በአምስት ደቂቃ ሠርተነዋል።

መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ አይቆርጥም። ዳዊት ጎልያድን ሲጥል ታሪኩ ቢያበቃ እንዴት ያለ ፊልም ይወጣው ነበር! መንፈስ ቅዱስ ግን በ2ኛ ሳሙኤል 11 ሰገነቱን፣ ቤርሳቤህን፣ የኦርዮንን ሞት አጻፈ። ማቴዎስም የጌታን ትውልድ ሲቆጥር የኦርዮንን ስም አልደበቀም። ኤልያስ ከቀርሜሎስ ድል በኋላ በበረሃ ዛፍ ሥር ተኝቶ ሞትን ለመነ። ጴጥሮስ "አንተ ክርስቶስ ነህ" ብሎ ከመሰከረ በኋላ ነው ሦስት ጊዜ የካደው። ከዚያም በባሕሩ ዳር፣ በከሰሉ እሳት አጠገብ፣ ጌታ ሦስት ጊዜ ጠየቀው። የክህደቱ ታሪክ ቢቆረጥ ኖሮ የዚያ የባሕር ዳር ጠዋት ትርጉሙ ምን ይሆን ነበር?

ቀበቶው ባይመለስስ?

ሌላም ድካም አለው። ፊልሙ ሲያልቅ ፎርማን ሻምፒዮን ነው። ስለዚህ ቀበቶው የእምነቱ ማረጋገጫ ማኅተም ይመስላል። ለፎርማን ጌታ ይህን ሰጥቶታል፤ ክብር ለስሙ ይሁን። ቀበቶው ያልተመለሰለት ሰውስ?

እዚህ ላይ የራሳችን ጀግና ትዝ አለን። ፎርማን በ19 ዓመቱ ወርቅ ባገኘበት በዚያው የ1968 የሜክሲኮ ኦሎምፒክ አበበ ቢቂላ ሦስተኛ ማራቶኑን ለመሮጥ ወጥቶ ነበር። በሮም በባዶ እግሩ፣ በቶኪዮ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያሸነፈው ሰው፣ በሜክሲኮ በጉዳት ምክንያት አቋረጠ፤ ድሉን ማሞ ወልዴ ወሰደው። በማግስቱ ዓመት በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በ2009 የወጣውና ራሴላስ ላቀው ከዴቪ ፍራንክል ጋር ሆኖ ያዘጋጀው፣ ራሱም አበበን ሆኖ የተጫወተበት "አትሌቱ" የተሰኘው ፊልም፣ ሰውየውን በድሉ ላይ ትቶት አይሄድም። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት ሲወረውር፣ በኖርዌይ በረዶ ላይ በውሾች ሲጎተት ይከተለዋል። አበበ ዳግመኛ አልቆመም፤ በ1973 በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

የዚህ ፊልም ጥንካሬ ያኛው የጎደለው ነገር ነው፤ ያልተመለሰውን ነገር አይቶ ፊቱን አያዞርም። እኛም በዋሂል አራት ዓመት ጸልየን ሰባትና ስምንት ሰው ነን። ወደ ከተማ ተመልሰን ትልቅ አጥቢያ ውስጥ ብናገለግል እያልን ስንት ጊዜ ተነጋግረናል። ጳውሎስ ሥጋውን የሚወጋው ነገር እንዲነሣለት ሦስት ጊዜ ለምኖ አልተነሣለትም፤ የተሰጠው ጸጋ ነው። ፎርማንም ቢሆን በ1987 ወደ ቦክስ ባይመለስ፣ በሂዩስተን ሰፈር ለልጆች በር ሲከፍት ቢያረጅ፣ ጌታ በእሱ የሠራው ሥራ አንድ ቀበቶ እንኳ አይጎድለውም ነበር።

በማግስቱ ወደ ወንድማችን ሄድን። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅነው፤ ለጉባኤው ሲባል ታሪኩን ቆርጠንበታልና። ቀጥለን ስለ ፎርማን ሦስት ትዳሮች ነገርነው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ሲያበቃ፣ "ታዲያ ይሰብክ ነበር?" አለን። "አዎ፣ ይሰብክ ነበር" አልነው። "እየፈረሰበት?" አለ። "እየፈረሰበት፤ ጌታም አልተወውም" አልነው። ኃጢአትን ለማቃለል አልነበረም ይህን ያልነው፤ ንስሐ አንድ ጊዜ በመድረክ ላይ ብቻ የሚሆን እንዳልሆነ ለመናገር ነው። ጸልየን ተለያየን።

አሁን አንዳንድ ዓርብ ይመጣል፣ አንዳንድ ዓርብ ይቀራል። ሲቀር ደውለን "ዛሬስ እንዴት ዋልክ?" እንለዋለን፤ እሱም እውነቱን ይነግረናል። ከበፊቱ የሚለየው ይኼ ነው።

ይህን ጽሑፍ ከማውጣታችን በፊት አነበብንለት። መጨረሻው ላይ የሚጨመር ነገር ካለ ጠየቅነው። "ድኗል ብላችሁ ጻፉ፤ ጨርሷል ግን እንዳትሉ" አለን።

ወገኖች ሆይ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጉ። ከዚህ በፊት የመሰከረ፣ ከዚያ በኋላ የጠፋ ሰው ታውቁ ይሆናል። ደውሉለት፤ ስለ መጀመሪያው ቀን ሳይሆን ስለ ትናንቱ ጠይቁት። እናንተም በመሐሉ ዓመታት ውስጥ ካላችሁ፣ ጌታ እዚያም አለ።

አባት ሆይ፣ ያሳመርነውን ታሪክ ይቅር በለን። ያልጨረስነውንም አንተ ጨርሰው። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።