የወንድም ምክር

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» ይላል ያገራችን ሰው። ውድ አንባብያን፣ ይህን ብሂል ያስታወሰኝ ሰሞኑን ጋርላንድ ቤቴ፣ ልጆቼ ከተኙ በኋላ ያየሁት የቆየ የአሜሪካ ፊልም ነው። «ኦን ዘ ዋተርፍሮንት» ይባላል፤ በ1954 እ.ኤ.አ. ኤሊያ ካዛን ያዘጋጀውና ስምንት ኦስካር የወሰደ ነው።

ማርሎን ብራንዶ የሚጫወተው ቴሪ የቀድሞ ቦክሰኛ ነው። ታላቅ ወንድሙ ቻርሊ ደግሞ የወደቡን የሠራተኛ ማኅበር ጠፍንጎ ለያዘው የወንበዴዎች አለቃ ቀኝ እጅ ነው። አለቃው በተጋጣሚው ላይ ስለተወራረደ፣ ቴሪ በወንድሙ ትእዛዝ ሆን ብሎ ተሸነፈ፤ የቦክስ ተስፋውም በዚያው አከተመ። ከዓመታት በኋላ ታክሲ ውስጥ፣ ቻርሊ ስለ ወንበዴዎቹ እንዳይመሰክር ሽጉጥ ይመዝበታል። ቴሪ አይቆጣም። አፈሙዙን በእጁ ገለል አድርጎ ወንድምነቱን ብቻ ያስታውሰዋል።

እዚህ ላይ ፊልሙን አቆምኩት።

በ2000 ዓ.ም. አዲስ አበባ ጋዜጠኛ ሳለሁ፣ በከተማው ዳር መሬታቸውን ስለተነጠቁ ገበሬዎች የጻፍኩት ዘገባ ሊታተም ሁለት ቀን ሲቀረው ወንድም ጋሼ መኪናው ውስጥ አስገባኝ። ጉዳዩ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንጀራውን የሚበላ ሰው ነበር። «እማዬን አስባት፤ ይህችን አንዷን ተዋት» አለኝ። ሽጉጥ አላስፈለገውም። ተውኳት። አንድ አዛውንት ለማስረጃ የሰጡኝ የግብር ደረሰኝ እስከ ዛሬ እጄ ላይ አለ።

በዓመቱ ለትምህርት ወጥቼ፣ ዲግሪዬን ይዤ ቀረሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ «አፌን ዘጉኝ» እላለሁ። ወንድም ጋሼን ግን ደውዬለት አላውቅም።

የፊልሙ መነሻ ምን መሰላችሁ? ማልኮም ጆንሰን የተባለ ጋዜጠኛ በ1948 እ.ኤ.አ. ስለ ኒው ዮርክ ወደብ ወንበዴዎች በ«ኒው ዮርክ ሰን» ጋዜጣ ያወጣው ተከታታይ ዘገባ ነው፤ ፑሊትዘር ተሸልሞበታል። ካዛን በበኩሉ በ1952 የቀድሞ ጓዶቹን ስም ለምክር ቤት መርማሪዎች የሰጠ ሰው ስለሆነ፣ ፊልሙን ለራሱ መከላከያ ሠራው የሚሉት ብዙዎች ናቸው።

እኔም በስደት ዘመኔ ሁሉ የራሴን መከላከያ ፊልም ስሠራ ኖሬያለሁ። ወንድም ጋሼ መከረኝ እንጂ ዘገባውን ከአዘጋጁ ጠረጴዛ ያነሣሁት በገዛ እጄ ነው። ቻርሊ በመጨረሻ ወንድሙን ለቀቀው፤ በዚያም ምክንያት ተገደለ። አሁን ሳስበው የወንድም ጋሼም እጅ መሪውን እንደያዘ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እደውልለታለሁ። መጀመሪያ ስለ ጤናው፣ ቀጥሎ ስለ ደረሰኙ፤ አዛውንቱ በሕይወት ካሉ እንዲያፈላልግልኝ።

ቸር ይግጠመን።