ጥርስ ነክሶ መቻል ያመጣብኝ ጣጣ

ችግር ሲገጥመን «ጥርስህን ነክሰህ ቻለው» እየተባባልን ያደግን ሰዎች ነን። ምክሩ ደግ ነው፤ እኔም በስደት ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት እስኪቀረኝ ድረስ ስጠቀምበት ኖሬአለሁ። ጣጣው የመጣው የታመመው ራሱ ጥርሱ የሆነ ዕለት ነው። ምን ተነክሶ ምን ይቻላል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የታችኛው ግራ መንጋጋዬ ተቦረቦረና ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ ቀዳዳውን በጊዜያዊ መሙያ ደፈነልኝና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተመልሼ ሥሩን እንድታከም፣ ጥርሱም እንዲሸፈን አስጠነቀቀኝ። መሙያው ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል፤ እናቴ የምታፈላው ሻይ ትዝ አለኝ። ዋጋውን ስጠይቅ ግን ሻዩም ናፍቆቱም ጠፋ፤ ከ2,500 ዶላር በላይ ተባልኩ። የጥርስ ኢንሹራንስ የለኝም። የማታ ታክሲ ነጂ ነኝ፤ የቤት ኪራይ አለ፣ አገር ቤትም በየወሩ የሚጠብቅ አለ። «ለጊዜው ይቆይ» አልኩ። መቼም እኛ ስደተኞች ሁሉን ነገር የምናደርገው ለጊዜው ነው፤ ሶፋውም ለጊዜው፣ ሥራውም ለጊዜው፣ አገሩም ለጊዜው።

መሙያው በስድስተኛው ወር ተፈርፍሮ ወደቀ። እኔ ግን በቀኝ በኩል እያኘክሁ ሌላ ዓመት ተኩል ቆየሁ። ሲብስብኝ ቅርንፉድ እይዝበታለሁ፣ ነጭ ሽንኩርት አደርግበታለሁ፣ አንዳንድ ሌሊትም አረቄ እጉመጠመጥበታለሁ። አንድ ወዳጄ ከመሳቢያው አሞክሳሲሊን አውጥቶ ሰጠኝና ሕመሙ ለሳምንት ያህል ጋብ አለ። ዳንኩ ብዬ ተደሰትኩ። ለካስ መድኃኒቱ እብጠቱን ቢያበርደው እንጂ የበሰበሰውን ጥርስ አያድነውም፤ ምንጩ እስካልተነካ ድረስ ተመልሶ ይመጣል። ተመልሶም መጣ። አንድ ሌሊት ከሥራ ስገባ መስታወት ባይ ግራ ጉንጬ ዳቦ አክሏል።

በማግሥቱ ሐኪሙ ራጅ አነሣኝና ጥርሱ ከድድ በታች ለሁለት መሰንጠቁን አሳየኝ። «ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን ይተርፍ ነበር፤ አሁን መንቀል ብቻ ነው» አለኝ። ዋጋው 260 ዶላር። ርካሽ ነው ብዬ ልደሰት አልቻልኩም።

አልደብቃችሁም፣ ፈራሁ። ልጅ ሆኜ ጎረቤታችንን ሁለት ሰዎች ትከሻውን ይዘውት፣ ሦስተኛው በጉጠት ሲነቅልለት አይቻለሁ፤ ጩኸቱ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። የሐኪሙ ረዳት የአገሬ ልጅ ነበረችና ወንበሩን አጥብቄ መያዜን አይታ በአማርኛ አጽናናችኝ። «አይዞዎት ጋሼ፣ ሲገፋ ይሰማዎታል እንጂ አያምዎትም። ካመመዎት እጅዎን ያንሡ፣ ማደንዘዣ ይጨመርልዎታል።» ስኳር ወይም ደም ግፊት እንዳለብኝ፣ ደም ማቅጠኛ እንደምወስድ ጠየቀችኝ። ይህን ነገር ማንም ሰው እንዳይደብቅ፤ ከጥርስ ጋር ምን አገናኘው የሚባል አይደለም፤ ደሙ የሚቆምበትንና ቁስሉ የሚድንበትን ሁኔታ ይለውጣል።

እውነትም እንዳለችው ሆነ። መርፌው ሲገባ ቆንጠጥ አደረገኝ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የከንፈሬና የምላሴ ግራ ጎን የኔ መሆኑ ቀረ። የመረቀዘ ቦታ ቶሎ አይደነዝዝምና አንድ ጊዜ እጄን አነሣሁ፤ ሁለተኛ መርፌ ተጨመረልኝ። ከዚያ ሐኪሙ ጥርሱን በቀጭን መሣሪያ ከድዱ አላቀቀና በጉጠት ይዞ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዘው ጀመር። መንጋጋዬ ሲገፋ፣ አንዳች ነገር ቀጭ ሲል ይሰማኛል፤ ሕመም ግን የለም። ሃያ ደቂቃ አልሞላም። ሁለት ዓመት ሙሉ የሸሸሁት ነገር ይኸው ነው።

እንግዲህ ከወንበሩ ከተነሡ በኋላ ያለው ጥንቃቄ ነው ዋናው። የታጠፈ ጎዝ ነክሼ ሠላሳ ደቂቃ እንድቆይ ተነገረኝ። ቀዳዳው ውስጥ የሚረጋው ደም ለቁስሉ ክዳኑ ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን መጉመጥመጥ፣ በኃይል መትፋት፣ በስትሮ መምጠጥ ክልክል ነው። ሲጋራ ደግሞ ለቀናት ጨርሶ አይነካም። ትኩስ ቡናም ለዚያ ቀን ይቀራል፤ ይህ ከመርፌው ይልቅ ከበደኝ። በርበሬም እንዲሁ። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ሃያ ደቂቃ ይዞ ማሳረፍ፣ ሲተኙ ራስን ከፍ ማድረግ፣ ድንዛዜው እስኪለቅ ከንፈርን እንዳይነክሱ አለማኘክ። እኔ ለብ ባለ አጥሚት ነው የከረምኩት። ከሃያ አራት ሰዓት በኋላ ለብ ባለ የጨው ውሃ ቀስ ብሎ ማለቅለቅ ይጀመራል።

ሕመሙ በየቀኑ መቀነስ አለበት። አንድ ሲጋራ የሚያጨስ ባልንጀራዬ በሦስተኛው ቀን ወደ ጆሮው የሚወጋ ሥቃይ ጀመረው፤ የረጋው ደም ተነሥቶ አጥንቱ ተጋልጦ ኖሯል። ሐኪሙ ቦታውን አጥቦ መድኃኒት ሲያደርግበት ተሻለው። እንዲህ ከሆነ ተመልሶ መሄድ እንጂ መቻል አያስፈልግም። ትኩሳት ከመጣ፣ እብጠቱ ከባሰ ደግሞ በዚያው ቀን ሐኪም ይጠራ፤ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን ጊዜ የሚሰጥ አይደለም፣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

የዚያን ዕለት ጎዙን አውጥቼ ጥቂት እንደቆየሁ እናቴ ደወለች። ከንፈሬ ገና አለቀቀኝም። «ልጄ፣ በዚህ በጠራራ ፀሐይ ጠጥተሃል እንዴ?» አለችኝ። መዋሸት አልቻልኩምና ሁሉንም ነገርኳት። ዝም አለች። ቆይታ «ለእኔ በላክኸው ብር ነዋ ጥርስህ የሄደው» አለች። አይደለም ብዬ ስከራከር አቋረጠችኝ። «እኔም አንድ ዓይኔን ከጋረደኝ ዓመት አለፈኝ። ሞራ ነው አሉኝ። ሰው አገር ሆነህ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው የደበቅሁህ።»

ሁለታችንም ጥርሳችንን ነክሰን፣ አንዳችን ለአንዳችን ብለን፣ እኔ ጥርሴን እሷ ዓይኗን ልናጣ ነበር። በየሳምንቱ «ደኅና ነሽ?» «ደኅና ነኝ» እንባባላለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ያስተማረችኝ ራሷ ናት። አሁን ለቀዶ ጥገናው ቀን ተይዞላታል፤ እህቴ ትወስዳታለች።

ወገኖቼ፣ ገንዘቡ እንደሚያስፈራ አውቃለሁ። ግን ሳንጠይቅ የቀረንበት ብዙ በር አለ። ዋሽንግተን ውስጥ የሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ክሊኒክ አለው፤ ተማሪዎች በመምህራኖቻቸው ክትትል ያክማሉ፤ እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች በሌሎችም ከተሞች ሲኖሩ ዋጋቸው ከግል ሐኪም ይቀንሳል። እንደ ገቢ መጠን የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎችም አሉ። ሜሪላንድ ለምትኖሩ፣ ሜዲኬድ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ የአዋቂዎችን የጥርስ ሕክምና ይሸፍናል። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ጥርሴ ከወለቀ በኋላ ነው።

ሐኪሙ በቀኝ በኩልም ትንሽ ቀዳዳ አግኝቶብኛል። ለመጪው ማክሰኞ ቀጠሮ ይዣለሁ። ለእናቴም ነግሬአታለሁ።

ቸር ይግጠመን።