ስለ አንዲት ሞተርና ስለ አንድ ቃል

ዕቃ የተሰበረ እንደ ሆነ ብዙዎቻችን ስብራቱን ከመመርመራችን በፊት ሰባሪውን እንፈልጋለን። እኔም እንዲሁ አድርጌ አንድ ልጅ በድያለሁ። ነገሩ የተደረገው በጉለሌ፣ እኔ በምኖርበት በቀጨኔ ሰፈር ነው፤ መነሻውም ካባቴ የወረስኋት አሮጌ ቮልስዋገን ናት። ወጣት አንባቢዬ ስለ ሞተር ማንበብ ቢሰለቸው ጥቂት ይታገሠኝ፤ ያለ ሞተሩ ጥፋቴን በደንብ ለማስረዳት አልችልምና።

የአዲስ አበባ ሰው «ቮልስ» የሚላት ይህች መኪና በፈርዲናንድ ፖርሽ ተነድፋ በጀርመን አገር የተጀመረች ናት። በሐምሌ ወር 1995 ዓ.ም. በሜክሲኮ፣ በፑዌብላ ከተማ መሠራቷ እስኪቆም ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ወዳገራችንም ታሪክ ገብታለች፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚሁ ዓይነት መኪና ነበር። የኔይቱ ታሪክ ግን አጭር ነው። አባቴ በሕይወቱ ሳለ ለሥራም ለቤተ ክርስቲያንም ይሄድባት ነበር፤ እርሱ ካረፈ በኋላ እናቴ ሐኪም ቤት የምትመላለሰው በእርሷ ነው።

ሞተሯ በስተኋላ ነው፤ ውሃ የለውም፣ በነፋስ ይቀዘቅዛል። አራቱ ፒስተኖች ሁለቱ በቀኝ ሁለቱ በግራ ተጋድመው ይሠራሉ። ከዋናው ዘንግ ሥር ካምሻፍት የሚባል ሌላ ቀጭን ዘንግ አለ፤ ዋናው ሁለት ጊዜ ሲዞር እርሱ አንድ ጊዜ ይዞራል። በዚህ ዘንግ ላይ እንቁላል የመሰሉ አራት ጉብታዎች አሉ። ጉብታው በዞረ ቍጥር ገፊውን ያነሣዋል፣ ገፊውም በበኩሉ በቀጭን ዘንግ አማካይነት ቫልቩን ይከፍታል። ቫልቮቹ ስምንት፣ ጉብታዎቹ ግን አራት ብቻ ናቸው፤ ምክንያቱም አንዱ ጉብታ በቀኝ አንድ፣ በግራ አንድ፣ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ቫልቮችን ስለሚያገለግል ነው። ኋላ እውነቱን ያወጣው ይኸው ነገር ስለ ሆነ ልብ በሉት።

በሰፈራችን አንድ ወጣት አለ። እናቱ ጀበናና ምጣድ የምትሠራ ሸክላ ሠሪ ናት፤ እርሱ ደግሞ ከአንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ እየዋለ ሙያ ይማራል። ቫልቭ በሚስተካከልበት ጊዜ የምጠራው እርሱን ነበር። ሞተሩ ሳይሞቅ በማለዳ ይመጣና ክፍተቱን 0.15 ሚሊ ሜትር እንዲሆን በስስ ብረት እየለካ ያስተካክለዋል። አንድ ቀን እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣

«ጋሼ፣ እነዚህ ሁለቱ በየጊዜው እየላሉ ነው። የቀሩት አይነቃነቁም። ከውስጥ የሚበላ ነገር አለ መሰለኝ። ዘይቱን የቀየሩት መቼ ነው?» አለኝ።

«በቅርቡ ነው» አልሁት።

ይህ ሐሰት ነበር። ያች ሞተር የምትይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው፤ እንደ ዛሬዎቹ መኪናዎች የወረቀት ማጣሪያ የላትም፣ ከሥሯ አንዲት የሽቦ ወንፊት ብቻ አለች። ስለዚህ በየ5000 ኪሎ ሜትሩ ዘይቱ ተቀይሮ ወንፊቷ መታጠብ አለባት። እኔ ግን ዓመት ከመንፈቅ ያህል የጐደለውን እየሞላሁ ብቻ ነድቻታለሁ። በልቤም «ይህ ልጅ ሥራ ለማብዛት ፈልጎ ነው» ብዬ አሰብሁ። የሚዋሽ ሰው ሌላውን አያምንም።

ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ እናቴን ከሐኪም ቤት ስመልስ፣ ወደ ቀጨኔ በሚያወጣው አቀበት ላይ መኪናዋ በካርቡራተሯ ታስነጥስ ጀመር። ጉልበቷም ከዳት። እናቴ ወርዳ በከዘራ እየተደገፈች ቀሪውን መንገድ በእግሯ ወጣች። በማግስቱ መኪናዋን ወደ አንድ ትልቅ ጋራዥ ወሰድኋት። ካንዴላዎቹ ተለወጡ፣ ካርቡራተሩ ተፈትቶ ታጠበ፣ ብዙ ገንዘብም ከፈልሁ፤ እርሷ ግን ማስነጠሷን አልተወችም። በመጨረሻ አንዱ ሠራተኛ «ለመሆኑ መጨረሻ የነካት ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። እኔም ይህን ጥያቄ እንደ ፍርድ ቈጥሬው ተመለስሁ።

ልጁን ያገኘሁት በእናቱ በር ላይ ነው። ጀበናዎቹ ለገበያ ተደርድረዋል፤ ጎረቤትና መንገደኛም ቆሟል። ሞተሬን አበላሸህ አልሁት። እርሱም «ጋሼ፣ ነግሬዎት ነበር እኮ» ሲለኝ ያን ቃል ተናገርሁ። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም፤ ቀጨኔ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ብረት ቀጥቅጦና ጭቃ አቡክቶ የሚያድረውን ሰው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል እያሉ ከማዕድና ከጋብቻ ሲያርቁት የኖሩበት ቃል ነው። ልጁ ዝም አለ። እናቱ ጀበናዎቹን አንድ በአንድ እያነሣች ወደ ቤት አስገባች።

የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች፣ ሸማኔዎችና ብረት ሠሪዎች አባቶች ብዙዎቹ ከሰሜን ሸዋ መጥተው አዲስ አበባ ስትቆረቆር በእጃቸው ያገለገሉ ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል ቤንትሌይ በሚባል እንግሊዛዊ አማካይነት አዲስ አበባ የገባችውም በዚያው ዓመት ነው። አውቶሞቢሏን ወድደን ተቀበልናት፤ አዋጁን ግን እኔ ከመቶ ዓመት በኋላ ስለ አንዲት አውቶሞቢል ስል ሻርሁት።

ሌላ ስፍራ ስላልነበረኝ መኪናዋን አስገፍቼ ወደ ሽማግሌው መካኒክ ወሰድኋት። ስድቡን ሰምቶ እንደ ሆነ አላወቅሁም፤ ማን እንደ ነካትም አልጠየቀኝም። መጀመሪያ የአራቱን ሲሊንደሮች እመቃ ለካ፤ ተቀራራቢ ነበር። ከዚያ በኋላ የቫልቮቹን ክዳኖች በቀኝም በግራም ከፍቶ ሞተሩን በእጁ ቀስ እያለ እያዞረ እያንዳንዱ ቫልቭ ምን ያህል እንደሚገፋ በመለኪያ አየ። ስድስቱ ስምንት ሚሊ ሜትር ያህል ይገፋሉ። ሁለቱ ግን ሦስት እንኳ አይሞሉም።

«ቀኝ አንድ፣ ግራ አንድ፣ ፊት ለፊት» አለ። «ሁለቱም የጢስ ማስወጫ ናቸው። የተቃጠለው ጢስ መውጫ ሲያጣ በመግቢያው ይመለሳል፤ የምታስነጥሰው ስለዚህ ነው። አንዱ ጉብታ ተበልቷል።»

ቀጥሎም ዘይቱን አፈሰሰው። ጥቁር ነበር፣ ቤንዚንም ይሸታል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ የሳሳ ነው፤ ለዚህ ከፍታ ያልተስተካከለ ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል፣ ትርፉም በፒስተኑ ጐን ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። የቀጠነ ዘይት ደግሞ ብረትን ከብረት አይለይም። ሽማግሌው ወንፊቷን አውጥቶ በፊቴ አስቀመጣት። እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ደቃቅ ሞልቶባታል፤ ማግኔት ሲያስጠጋባት ደቃቁ ተነሥቶ ተጣበቀ።

«ይህ የሁለት ሳምንት ሥራ አይደለም፣ ልጄ። ዘይቱ መቼ ተቀየረ?»

ያን ጊዜ እውነቱን ተናገርሁ። እርሱም «ልጁ ሁለቱ ቫልቮች ይላላሉ ብሎ ነግሮኝ ነበር። አንተ ግን ዘይቱ አዲስ ነው ብለኸው ሌላ ምክንያት ስንፈልግ ሰነበትን» አለና ወንፊቷን ባለችበት ትቶ ሌላ ሥራ ያዘ።

ሞተሩ በአራት ብሎን ብቻ የተያዘ ነውና በክሪክ ዝቅ ተደርጎ ወጣ። የማግኒዚየሙ አካል ለሁለት ተከፈለ። የተበላው ጉብታ እንቁላልነቱ ጠፍቶ ክብ ለመሆን ተቃርቧል፤ የሁለቱ ገፊዎች ፊት እንደ ወፍጮ ድንጋይ ተፈቅፍቋል። ደቃቁ ብረት ከዘይቱ ጋር እየዞረ የዋናውን ዘንግ መቀመጫዎችም ስለ ጫረ ዘንጉ ወደ ቶርኖ ቤት ሄዶ ሩብ ሚሊ ሜትር ተሞረደ። እኔም መርካቶ ሶማሌ ተራ ስዞር ሰንብቼ ካምሻፍቱን አገኘሁ። ገንዘብ ለመቈጠብ ሁለት ገፊ ብቻ ልግዛ ብለው ሽማግሌው በፍጹም እንቢ አለ። ገፊ ሁሉ ከለመደው ጉብታ ጋር ተፋጭቶ መልኩን ይይዛል፤ አሮጌ ገፊ በአዲስ ጉብታ ላይ የተቀመጠ እንደ ሆነ በጥቂት ጊዜ ይበላዋል። ስለዚህ ስምንቱንም ገዛሁ። ስለ ዘይትም የማላውቀውን ነገረኝ። ለአዳዲስ መኪናዎች የሚሸጠው ዘይት የጢስ ማጥሪያቸውን እንዳይጐዳ የዚንክ ቅመሙ ተቀንሷል፤ እንዲህ ላለው አሮጌ ሞተር ግን ቅመሙ ያስፈልጋል።

ሁሉ ነገር ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ላይ በተደረደረ ቀን ሽማግሌው እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

«ሁለቱን ግማሾች ለመግጠም ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ገፊዎቹ ሳይወድቁ ከላይ ቀጥ አድርጎ የሚያወርድልኝ ልጁ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ወደ ሥራ አልመጣም። ሂድና አምጣው።»

ሄድሁ። እናቱ ጀበና በጠጠር እያለሰለሰች ነበር። «እትዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅ መጥቻለሁ» አልኋት። ቀና ሳትል፣

«ስድቡን የተናገሩት ሰው በተሰበሰበበት ነበር» አለችኝ። «ይቅርታውን ግን ብቻዎን ይዘው መጡ።»

የምመልሰው አጣሁ። ልመናውን ጨርሼ፣ ልጁን ይዤ፣ ሞተሬን አስገጥሜ እገላገላለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። የእሑድ ቅዳሴ አልቆ ሰው ከመድኃኔ ዓለም እስኪመለስ ድረስ አራት ቀን ጠበቅሁ፤ በእነዚያ ቀናት መኪናዋ ትዝ ያለችኝ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። እሑድ በዚያው በር ላይ ቆሜ፣ ዘይቱን ሳልቀይር እንደ ነዳሁ፣ ለልጁም እንደ ዋሸሁት፣ ቃሉንም እንደ ተናገርሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናዘዝሁ። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱም በእኔ አፍሮ አቀረቀረ። እርሷ «ሰምቻለሁ» አለች። ይቅር ብያለሁ አላለችም።

ሰኞ ጧት ልጁ ከሽማግሌው ደጅ ተገኘ። የካምሻፍቱን ጥርስ ነጥብ በዋናው ዘንግ ሁለት ነጥቦች መካከል አግብቶ ሦስት ጊዜ አየው። ከዚያም ያለ አንዳች ንግግር ግማሹን አካል አወረደው። ሞተሩ ተመልሶ በገባ ቀን ሽማግሌው አንድ ነገር አስጠነቀቀ፤ አዲስ ካምሻፍት እንደ ተነሣ ወዲያው በዝግታ እንዲሠራ አይተዉትም፤ በዝግታ ጊዜ ጉብታዎቹ ላይ የሚረጨው ዘይት ጥቂት ነውና። በደቂቃ 2000 ዙር ገደማ እያዞሩ ሃያ ደቂቃ ያቆዩታል። የነዳጁን ሽቦ ይዞ የቆመው ልጁ ነበር። እኔ ሰዓት እቈጥር ነበር። ሃያው ደቂቃ ሲያልቅ ሽቦውን ለቀቀው፤ ሞተሯም ሳታስነጥስ ረጋች።

ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ለመጀመሪያው የዘይት ለውጥ ቀጠሮውን ሳላሳልፍ ሄድሁ። ልጁ ወንፊቷን አውጥቶ ወደ ብርሃን አየና ሰጠኝ። ሁለት ጥቃቅን ነጥቦች ብቻ ነበሩባት።

«ይኸ የአዲስ ዕቃ ነው፣ ያለ ነው» አለ። ሒሳቡንም ነገረኝና ከፈልሁት።

«እናትህ እንዴት ናት?» አልሁት።

«ደህና ናት። ከበር ላይ ነች፤ ራስዎ ቢጠይቋት ይሻላል።»

መኪናዋን እዚያው ትቼ በእግሬ ወረድሁ።