ቤትን ጭኖ መጓዝ፤ ከጅጅጋ እስከ ባሕር

ቤቱን ጭኖ የሚጓዝ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? በጅጅጋ ሜዳ የሚኖር ሰው «አዎ፣ በየዓመቱ!» ይላል። አርብቶ አደሩ ዝናብና ሣር ተከትሎ ሲነሳ ቤቱን ነቅሎ በግመል ይጭናል።

የሶማሌ አርብቶ አደር ቤት «አቃል» ይባላል። ጎባጣ እንጨቶች ይተከላሉ፤ በላያቸው ሰሌን ይደረባል። አቃሉን የሚሠሩትም፣ የሚነቅሉትም፣ የሚጭኑትም ሴቶች ናቸው። እንጨቶቹ ጎባጣ ስለሆኑ ግመሉ ላይ ሲታሰሩ እንደ አልጋ ይሆናሉ። ትንንሽ ልጆች እዚያ ላይ ተቀምጠው ይጓዛሉ።

በሌላ አገር ቤቱ የሚጫነው በመኪና ነው። በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1951 በቮልስዋገን ሚኒባስ ውስጥ መኝታና ማድቤት መግጠም ተጀመረ። ዛሬ በብዙ አገር ቤተሰብ በእንዲህ ያለ መኪና ገጠሩንና የባሕሩን ዳርቻ እየዞረ ያያል። በመሸበት ያድራል።

እኛ አስተማሪዎችም ይህን አሰብን። አራት ሆነን ሚኒባስ እንከራይ፤ ፍራሽ፣ ምድጃና ጀሪካን እንጫን፤ በሐምሌ ከጅጅጋ ተነስተን ባሕር እንይ አልን። ወረቀትና እርሳስ አወጣን።

በመጀመሪያ መንገዱን ጻፍን። ከጅጅጋ እስከ ድንበሩ ከተማ እስከ ቶጎ ውጫሌ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በሶማሌላንድ በኩል እስከ ሐርጌሳ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከሐርጌሳ እስከ በርበራ ወደብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሲደመር 320 ኪሎ ሜትር። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ነዳጅ ቢጠጣ ለመሄጃ ብቻ 38 ሊትር ያህል ይፈልጋል። ሂሳቡ ቀላል ነው። ባሕሩም ሩቅ አይደለም።

ወረቀቱን ለአንድ ሽማግሌ አርብቶ አደር አነበብንላቸው። በደንብ አዳመጡን። ከዚያ፣

«ሰሐን ልካችኋል?» አሉን።

«ሰሐን ምንድነው፣ አዴር?»

«ቤት ከመነሳቱ በፊት ሰው ይሄዳል። ውሃው የት እንዳለ፣ ሣሩ እንዴት እንደሆነ፣ አገሩ ሰላም መሆኑን አይቶ ይመለሳል። ይህ ነው ሰሐን። እናንተ ኪሎ ሜትሩን ቆጥራችኋል። ውሃውንስ? ወቅቱንስ?»

ስለዚህ ሰሐናችንን ጀመርን። ነጋዴ ጠየቅን፣ ሾፌር ጠየቅን፣ መጽሐፍ አነበብን።

በርበራ በባሕር ጠረፍ ላይ ናት። ጅጅጋ ግን ከባሕር በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። ሰው 1,000 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ አየሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ሲወርድ ደግሞ በዚያው ልክ ይሞቃል። በሐምሌ ጅጅጋ ላይ ዝናብ አለ፤ ማታ ማታ ጋቢ ያስለብሳል። በዚያው ወር በርበራ ላይ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ይበልጣል። ከየብስ የሚነሳ ትኩስ ነፋስም አሸዋ ይዞ ይነፍሳል።

ይህ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ሪቻርድ በርተን የተባለ እንግሊዛዊ ተጓዥ በ1847 ዓ.ም. ሐረርንና በርበራን አይቶ ጽፏል። በዚያ ዘመን በርበራ የወቅት ገበያ ነበረች። ከጥቅምት ገደማ እስከ ሚያዝያ ከሐረርና ከኦጋዴን የመጡ ነጋዴዎች ይሞሏታል። ከባሕር ማዶም መርከብ ይመጣል። ሙቀቱ ሲቃረብ ግን ሰዉ የሰሌን ጎጆውን ነቅሎ በግመል ጭኖ ይሄዳል። ገበያው ጭር ይላል። እንግዲህ የድሮ ሰዎች ባሕሩን የሚጎበኙበትን ጊዜ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ጉዞውን ለሁለት ከፈልነው። ባሕሩን ለታኅሣሥና ለጥር አቆየነው። በክረምቱ ደግሞ አገራችንን፣ በምዕራብ በኩል ያለውን ገጠር እናያለን።

ይህ መንገድ ከጅጅጋ እስከ ሐረር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መጀመሪያ የካራማራ ተራራ ይመጣል። በየካቲት 1970 ዓ.ም. ከሶማልያ ጋር በተደረገው ጦርነት ትልቅ ውጊያ የተካሄደበት ቦታ ነው። ዛሬ መኪናው በሰላም ይወጣዋል። ወረድ ሲሉ የፋፈን ወንዝ አለ። ቀጥሎ የዳካታ ሸለቆ ይመጣል። እዚያ ትልልቅ ድንጋዮች አንዱ በሌላው ላይ ተደርድረው ቆመዋል። አሁን ይወድቃል ሲባል አይወድቅም! ዝናብና ነፋስ ለብዙ ሺህ ዓመታት አለቱን ሲበላው ጠንካራው ቀርቶ ነው። ከዚያ ባቢሌ ናት። ባቢሌ በለውዟ የታወቀች ናት። በስተደቡቧ የዝሆኖች መጠለያ አለ።

አሁን ወደ ሽማግሌው ጥያቄ እንመለስ። ውሃውስ?

ለአንድ ሰው በቀን ለመጠጥ 5 ሊትር ያዝን። ለአራት ሰው 20 ሊትር፣ ማለት አንድ ጀሪካን ነው። ለሦስት ቀን ሦስት ጀሪካን። ለማብሰያና ለመታጠቢያ ሁለት ጨመርን። ለራዲያተሩ አንድ። ጠቅላላ ስድስት ጀሪካን፣ 120 ሊትር ሆነ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ 120 ኪሎ ጭነት ነው። ይህን ጣሪያ ላይ መጫን መኪናውን ለመገልበጥ ያጋልጣል። ወለሉ ላይ ይቀመጣል፣ በገመድም ይታሰራል።

ውሃ ቢያልቅብንስ? በሐርሺንና በአካባቢው ወንዝ የለም። ሕዝቡ የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅመው «ቢርካ» በሚባል በሲሚንቶ በተሠራ ጉድጓድ ነው። ቢርካ ባለቤት አለው። መንገደኛ ዝም ብሎ አይቀዳም። ያስፈቅዳል፣ ዋጋውንም ይከፍላል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተከታታይ ዝናብ ጠፍቶ በሶማሌ ክልል ብዙ ከብት አልቋል። ያን ያየ ሰው አንድ ጀሪካን ውሃ ስንት እንደሆነ ያውቃል። በቢርካ ውሃ መኪና ማጠብማ ነውር ነው።

የውሃ ማነስ ብቻ አይደለም፣ መብዛቱም ይገድላል። ደረቅ ወንዝ ለማደሪያ ያምራል። አሸዋው ለስላሳ ነው፣ ነፋስም አይገባም። ነገር ግን እኛ ጋ ሳይዘንብ ተራራው ላይ ሊዘንብ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ «ከወንዝ ውስጥ አናድርም፤ ከፍ ካለ ቦታ፣ ከመንደር አጠገብ፣ አስፈቅደን እናድራለን» ብለን ጻፍን።

በተጨማሪ እነዚህን ጻፍን።

ተዘግቶ በሚተኛበት መኪና ውስጥ ከሰል አይነድም። የከሰል ጢስ ሳይታይና ሳይሸት የተኛን ሰው ይገድላል። የሚበስለው ውጭ ነው።

በሌሊት አንነዳም። ግመል መንገድ ሲያቋርጥ ለጡሩምባ አይቸኩልም።

ስኮርታ ጎማና ክሪክ ሳናይ አንነሳም።

የኪራዩን ውል አንብበን እንፈርማለን። ጎማ ቢፈነዳ ማን ይከፍላል? ተጽፎ ይገኝ።

ለባሕሩ ጉዞ ፓስፖርት፣ ቪዛና የመኪናው ወረቀት ቀድሞ ይዘጋጃል። ድንበሩ ላይ ደርሶ «አላወቅሁም ነበር» ማለት አያሻግርም።

ከመነሳታችን በፊት የመንገዱን ሰላም በየወረዳው እንጠይቃለን።

ዕቅዳችን አሁን ሁለት ገጽ ሆኗል። ለሽማግሌው ድጋሚ አነበብንላቸው። «አሁን ጫኑ» አሉን። አርብቶ አደሩ ይህን ሁሉ በቃሉ ይዞ ለዘመናት ተጉዞበታል። እኛ ከእሱ ተምረን በወረቀት አሰፈርነው። እናንተም አሁን ማንበብና መጻፍ ችላችኋል። የአባቶቻችሁን የውሃ ቦታ፣ የወቅት ስምና የመንገድ እውቀት ጻፉት። በቃል የተያዘ ነገር ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል፤ የተጻፈው ግን ለልጅ ይተርፋል።

ለውይይት፦
1. ስድስት ሰዎች ለአራት ቀን ቢጓዙ ለመጠጥ ብቻ ስንት ጀሪካን ውሃ ይበቃቸዋል?
2. በእናንተ ቀበሌ መንገደኛ ውሃ ሲቸግረው ማንን ይጠይቃል?
3. በአካባቢያችሁ ለማደሪያ የማይሆን ቦታ የትኛው ነው? ለምን?