ኤረር በር ላይ ያገኘኋቸው ተማሪዎች

ዛሬ ከሰዓት ሐረር፣ ኤረር በር አጠገብ ሻይ ልጠጣ ቁጭ ስል፣ ሁለት ተማሪዎች አንድ ላፕቶፕ ላይ አጎንብሰው ይከራከራሉ። ለአክስታቸው የስፌት ሥራ ድረ ገጽ እየሠሩ ነው። አስተማሪ አላዘዛቸውም፣ ማርክም የለውም።

ክርክሩ ምን መሰላችሁ? ሞባይል ላይ ሲከፈት የሞሰቡ ፎቶ ግማሹ ይቆረጣል!

በጣም ደስ አለኝ። ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ ከቪዲዮም ይለመዳል። አክስት "ሞሰቤን ለምን ቆረጣችሁት?" ስትል መልስ መፈለግ ግን ሌላ ትምህርት ነው።

ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በ5 ሚሊዮን ኮደሮች ስልጠና የፕሮግራሚንግ መሠረቱ በነፃ ይገኛል። ጊትሀብም ቀላል ድረ ገጽ ያለ ክፍያ ያስቀምጥልናል። ሰርተፊኬቱን ውሰዱ፣ ጥሩ ነው። ለእኔ ግን የሚከፈት፣ ሰው የሚጠቀምበት አንድ ገጽ ይበልጣል።

ጀጎል ውስጥ ደግሞ ሥራ ሞልቷል፦ እንግዳ የሚያሳድሩ ጌ ጋሮች (ባህላዊ የሐረሪ ቤቶች)፣ ስፌት ሰሪዎች፣ ቡና ቆዪዎች፣ አስጎብኚዎች። የስንቶቹ አድራሻ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል?

እናንተስ፣ የመጀመሪያ ድረ ገጻችሁን ለማን ሠራችሁ? ገና ጀማሪ ተማሪ ከሆናችሁ ሊንኩን ከታች አስቀምጡልኝ፤ በስልኬ ከፍቼ ያየሁትን እነግራችኋለሁ።