የባሕር ማዶ ጥሪ

ታናሽ እኅቴ ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ ስለምትሠራ፣ ስልክ ለማንሣት የሚፈቀድላት እሑድ ማታ ብቻ ነው። ሂሳቡ በንግግር መካከል ቢያልቅ ቀሪው ቃል ሳምንት ይጠብቃል። በኢንተርኔት መደወል ርካሽ መሆኑ አይካድም፤ የእናታችን ስልክ ግን ባለቁልፍ ነው።

ስለዚህ ካርዱን ፍቄ የምሞላው ቅዳሜ ነው፤ እሑድ ማታ የሰፈሩ ሱቅ ቢዘጋ ምን ይበጃል? በ*804# ቀሪውን ሂሳብ አይቼ፣ ለአንድ ደቂቃ በሚታሰበው ዋጋ ስንት ደቂቃ እንዳለን አሰላለሁ፤ ከዚያም በ00961 ጀምሬ እደውላለሁ። ሰዓቱንም ማስተዋል ያሻል፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ቤይሩት ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለችና።

ሂሳቡን የሚበላው ግን ሰላምታ ነው። እናቴ፣ «እንዴት ሰነበትሽ? ሰውነትሽ ደኅና ነው? እህሉ ይስማማሻል?» ሳትል ወደ ጉዳይ አትገባም። ጎረቤቶቻችን ይህን ብክነት ይሉታል። እኔ በበኩሌ አልስማማም። ልጅቱ እንዴት እንደ ሰነበተች የሚታወቀው ከቃልዋ ይልቅ በድምፅዋ ነውና፣ እናቴ ያንን ለመስማት ጊዜ ያስፈልጋታል። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. አንድ እሑድ፣ «ደኅና ነኝ፣ እማዬ» ስትል ድምፅዋ ሰለለ። እናቴም የቀረውን ሦስት ደቂቃ፣ ስለ ደመወዙ አንዳች ሳትጠይቅ፣ «ማን አስቀየመሽ?» እያለች ጨረሰችው።