ከማነር ሃውስ እስከ ጊብሰን ስኩዌር፦ ለንደንን በሞተር ሳይክል

ለንደንን ከአውቶቡስ ፎቅ ላይ ቁልቁል የሚያያት አለ፤ በምድር ውስጥ ባቡር እየተመላለሰ ሳያያት የሚኖርባትም አለ። በር በበር፣ ስም በስም የሚያውቃት ግን የጥቁሩ ታክሲ ነጂ ነው። ያ ዕውቀት በአብዛኛው የሚሸመተው ደግሞ በመኪና ሳይሆን በትንሽ ሞተር ሳይክል ላይ ነው። እሑድ ማለዳ በሞተሩ መሪ ላይ የካርታ ሰሌዳ ሰክቶ፣ በየመንገዱ ጥግ እየቆመ ብቻውን የሚያነበንብ ሰው ካያችሁ አትደንግጡ፤ ያበደ ሳይሆን የሚያጠና ሰው ነው።

እኔም በ46 ዓመቴ ከእነዚህ አጥኚዎች አንዱ ሆኛለሁ። በዚህች ከተማ ለብዙ ዓመታት በኪራይ መኪና ሰው ሳመላልስ ኖሬ፣ ባለ ጥቁር ታክሲ ለመሆን ቆርጬ ተነሥቻለሁ። ፈተናው «ዘ ኖውሌጅ» ይባላል፤ «ዕውቀቱ» እንደ ማለት ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1865 ሲሆን፣ ቻሪንግ ክሮስን መሐል አድርጎ በ6 ማይል ዙሪያ ያሉትን 25,000 ያህል መንገዶች ያካትታል። ማጥኛው መጽሐፍ 320 ጉዞዎችን ይዘረዝራል። እነዚህን የቆሎ ተማሪ ዳዊት እንደሚደግመው በቃል መያዝ ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ዓመት ይፈጃል።

ለመሆኑ ሞተር ለምን? ይኸውም ሞተር በየደቂቃው ቆም እያሉ የሆቴሉን፣ የፍርድ ቤቱን፣ የቴያትር ቤቱን በር ለማየት ይመቻል፤ ነዳጁ ጥቂት ነው፤ መሐል ከተማ ለሚገቡ መኪናዎች የተጣለው የመጨናነቅ ክፍያም ሞተርን አይመለከትም።

የቤት ውስጥ ሸንጎ

አሳቤን ለቤተሰብ ያቀረብኩ ዕለት ሸንጎ ተቀመጠብኝ። እናቴ ከአዲስ አበባ በስልክ፣ «ልጄ፣ እግዜር ሁለት ደህና እግር ሰጥቶህ ሳለ በሁለት ጎማ ምን አንከራተተህ?» አሉኝ። በእርሳቸው ዘንድ ሞተር የሚነዳ ሰው ወይ የግብርና ባለሙያ ነው፣ ወይ ቦርሳ ነጥቆ የሚሸሽ ነው። ደግሞም አልተሳሳቱም፤ የአዲስ አበባ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2019 የሞተር ሳይክልን እንቅስቃሴ ሲያግድ አንዱ ምክንያቱ በሞተር የሚፈጸም ንጥቂያ ነበር።

ባለቤቴ ግን አልቀለደችም። «እዚህ ድረስ የተሰደድኩት አንተን ለመቅበር አይደለም» አለች፤ ልጆቹ ሰምተው ዝም አሉ። በመጨረሻም ሦስት ነገር ቃል አስገባችኝ፦ ከአቅሜ በላይ የሆነ ሞተር እንዳልገዛ፣ ትምህርቱን እስከ መጨረሻው እንድማር፣ ያለ ሙሉ ልብስ ኮርቻው ላይ እንዳልወጣ። እኔም ቃሌን ሰጠሁ። የሚቀጥለው ሁሉ ያን ቃል የመጠበቅ ታሪክ ነው።

የቱ ይገዛ?

ሁላችን ጋሼ ብለን የምንጠራቸው አንድ አንጋፋ ባለ ጥቁር ታክሲ ወገናችን አሉ። ምክር ብጠይቃቸው፣ «ሞተር እንደ ጫማ ነው፤ የሚያምርህን ሳይሆን የሚበቃህን ግዛ» አሉኝ። እርሳቸው በዘመናቸው ያጠኑት በሆንዳ ሲ 90 ነበር። የዚያ ዘር የሆነው ሱፐር ከብ እ.ኤ.አ. በ1958 ተጀምሮ፣ በ2017 የተመረተው ቁጥር 100 ሚሊዮን ደርሷል። የእጅ ፍሪሲዮን የለውም፤ ማርሹ በእግር ብቻ ይቀየራል።

በእንግሊዝ ሕግ ለማጅ ሆኖ የሚነዳ ሰው ከ125 ሲሲ እና ከ11 ኪሎዋት በላይ አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ ምርጫው ራሱ ጠባብ ነው። አንደኛው መንገድ ስኩተር ነው። ሆንዳ ፒሲኤክስ 125 ለምሳሌ ማርሽ የለውም፤ ነዳጅ መስጠትና ፍሬን መያዝ ብቻ ነው። ኮርቻው ከመሬት 76 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ አጭር ሰው እንኳ ሁለት እግሩን ያሳርፋል። ሁለተኛው መንገድ ባለ ማርሹ ነው። ሆንዳ ሲቢ 125 ኤፍ 5 ማርሽ አለው፤ በግራ እጅ ፍሪሲዮን፣ በቀኝ እጅ የፊት ፍሬን፣ በግራ እግር ማርሽ፣ በቀኝ እግር የኋላ ፍሬን። አዲሱ ክብደቱ 117 ኪሎ፣ ኮርቻው 79 ሴንቲ ሜትር ነው።

በየሱቁ እየዞርኩ በእያንዳንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ሻጮች ስለ ፍጥነት ያወራሉ፤ እኔ ግን የማየው ሌላ ነበር። ሁለቱም እግሮቼ መሬት ይነካሉ ወይ? ቢያጋድል በጉልበቴ ልመልሰው እችላለሁ ወይ? ሞተሩን አጥፍቼ ወደ ኋላ ልገፋው እችላለሁ ወይ? በመጨረሻ ባለ ማርሹን መረጥኩ። ምክንያቱም ሙሉውን ፈተና ማርሽ በሌለው ሞተር ያለፈ ሰው ማርሽ ያለውን እንዲነዳ አይፈቀድለትም፤ በባለ ማርሹ ያለፈ ግን ሁለቱንም ይነዳል።

ሌላም ሳልጠቅስ የማላልፈው ነገር አለ። አሮጌ ሞተር በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ አትቸኩሉ። ከ2007 አጋማሽ በፊት የተመዘገበ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የአየር ብክለት ደንቡን አያሟላም። ደንቡ ከነሐሴ 2023 መጨረሻ ጀምሮ መላውን ለንደን ይሸፍናል፤ ያላሟላ በተንቀሳቀሰበት ቀን ሁሉ 12 ፓውንድ ከ50 ይከፍላል። ርካሹ በሁለት ወር ውስጥ ውድ ይሆናል ማለት ነው። የወፍራም ካቴናና የቁልፍ ዋጋም ከሞተሩ ዋጋ ጋር አብሮ ይታሰብ፤ የለንደን ሌባ ትንሽ ሞተር ይወዳል።

ልብስን በተመለከተ፣ የራስ ቁር በዚህ አገር ከ1973 ጀምሮ ግዴታ ነው። መንግሥት ከ2007 ወዲህ የራስ ቁሮችን እየፈተነ እስከ 5 ኮከብ ይሰጣል። ሆኖም ባለ 5 ኮከቡ በራሳችሁ ላይ ከተወዛወዘ ዋጋ የለውም። ጉንጭን ጫን አድርጎ የሚይዝ፣ ራስ ሲነቃነቅ አብሮ የሚነቃነቅ መሆን አለበት። ያገለገለ የራስ ቁር አይገዛም፤ ወድቆ ይሁን አይሁን በዓይን አይታወቅምና።

የአንድ ቀን ትምህርት

ለማጅ ሞተር ይዞ መንገድ ከመውጣቱ በፊት «ሲቢቲ» የሚባለውን አስገዳጅ መሠረታዊ ሥልጠና መውሰድ አለበት። ይህ ደንብ ከ1990 ጀምሮ ያለ ነው። እኔ የተማርኩት በሰሜን ለንደን፣ ከሊ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ በግንብ በታጠረ አስፋልት ላይ ነው። መጀመሪያ 20 ሜትር ርቆ የቆመ መኪና ሰሌዳ አንብብ ተባልኩ። ያን ማንበብ ያልቻለ ትምህርቱን አይቀጥልም። ከዚያ የልብስ ምርመራ፣ ከዚያ ሞተሩን በቁሙ መግፋት፣ ማቆሚያውን መዘርጋት፣ ፎሌ ማግኘት።

ቀጥሎ ግቢው ውስጥ መንዳት ነው። የስምንት ቁጥር ቅርጽ መሥራት፣ በጠባቡ መዞር፣ በድንገት መቆም። አብረውኝ የነበሩት ዕድሜያቸው የልጆቼን ያህል ነው። አስተማሪው ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ጠና ያሉ ሰው ነበሩ። ቀኑን ሙሉ የደጋገሙት አንድ ነገር ነው፦ «ዓይንህ በሄደበት ሞተሩ ይሄዳል»። ጉድጓዱን ካየህ ጉድጓዱ ውስጥ ትገባለህ፤ መውጫውን ካየህ ትወጣለህ። ይህ ነገር ለስደተኛ ከመንዳትም በላይ ትምህርት መስሎ ታየኝ።

ከሰዓት በኋላ ጆሮዬ ላይ ራዲዮ ተሰክቶልኝ ወደ መንገድ ወጣን። ሕጉ ከሁለት ሰዓት ያላነሰ የመንገድ ጉዞ ያዛል፤ አንድ አስተማሪም መንገድ ላይ ከሁለት ለማጅ በላይ ይዞ አይወጣም። እዚያ ያወቅኳት ነገር «ነፍስ አድን» የምትባል ዕይታ ናት። ከመታጠፍ በፊት ስፖኪዮ ታይቶ፣ ፍሬቻ በርቶ፣ ከዚያ ራስን ወደ ትከሻ መለስ አድርጎ አንድ ጊዜ ማየት ነው። ስፖኪዮ የማያሳየው ቦታ አለና። ለዓመታት መኪና የነዳሁ ሰው፣ ለሞተረኞች ስንት ጊዜ ከዓይን ውጭ እንደምንሆን የገባኝ ያን ዕለት ነው። በመስቀለኛ መንገድ የሚገጩ ነጂዎች «አላየሁትም» ይላሉ፤ ብዙ ጊዜ እውነታቸውን ነው።

የወረቀቱ ወሰን

በቀኑ መጨረሻ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። ለ2 ዓመት ያገለግላል። ከኋላ ሰው መጫንና ወደ ፈጣኑ አውራ ጎዳና መግባት አይፈቅድም፤ የ«ኤል» ምልክቱም ይቀጥላል። እዚህ ላይ ነው ወገኖቼን ማነጋገር የምፈልገው። ምግብ በሞተር የሚያደርሱ ብዙ ወንድሞቻችን ይህቺን ወረቀት በየ2 ዓመቱ እያሳደሱ ይኖራሉ። የአንድ ቀን ትምህርት ይዘው፣ በዝናብ፣ በሌሊት፣ ሰዓት እየተቆጠረባቸው ይሮጣሉ። አንዳንዱም ተራ መድን ገብቶ የሚሠራ አለ። ተራው መድን ግን ለክፍያ ዕቃ ማድረስን አይሸፍንም፤ አደጋ ቢደርስ መድን እንደሌለው ይቆጠራል።

ስለዚህ ጉዞዎቹን ከመጀመሬ በፊት ሙሉውን ፈተና ልውሰድ አልኩ። ጋሼ እንኳ፣ «ጊዜህን ትጨርሳለህ፤ በወረቀቱ ጀምር» ብለውኝ ነበር። ሦስት ወር ፈጀብኝ፤ ገንዘቡም ቀላል አይደለም። መጀመሪያ የመንገድ ደንብ ፈተና አለ። ቀጥሎ በዝግ ግቢ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ነድቶ በድንገት መቆምና መሰናክል ማምለጥ፤ በመጨረሻም በመንገድ ላይ መፈተን። ዝናብ ላይ ቀጥ አድርጎ ቀስ በቀስ ፍሬን መጨበጥን፣ ርጥብ የብረት ክዳንና የመንገድ ቀለም እንደ ሳሙና እንደሚያንሸራትት የተማርኩት በእነዚያ ሦስት ወራት ነው። አልፌ የ«ኤል» ምልክቱን ስልጥ ባለቤቴ ወስዳ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው።

ጉዞ ቁጥር አንድ

ከ320ው የመጀመሪያው ጉዞ ከማነር ሃውስ ጣቢያ ይነሣና ኢስሊንግተን ውስጥ ጊብሰን ስኩዌር ላይ ያበቃል። ርቀቱ 3 ማይል አይሞላም። ግሪን ሌንስን ይዤ ወረድኩ፤ ብላክስቶክ መንገድ ላይ የአልጄሪያውያኑ ቡና ቤቶች ገና መከፈታቸው ነበር። ሃይበሪ ስደርስ፣ አርሰናል እ.ኤ.አ. ከ1913 እስከ 2006 የተጫወተበት ሜዳ ዛሬ መኖሪያ ቤት ሆኗል። እስከ 2019 ድረስ አደባባይ የነበረውን ሃይበሪ ኮርነር አልፌ፣ አፐር ስትሪት ላይ ጥቂት ሄጄ፣ በጠባቦቹ መንገዶች ገባሁ።

ጊብሰን ስኩዌር መሐል ባለው አጸድ ውስጥ ትንሽ የጥንት ቤተ መቅደስ የመሰለ ሕንጻ አለ። በመኪና ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ! ሞተሬን አቁሜ ቀርቤ ሳይ ለካስ ቤተ መቅደስ አይደለም፤ ለቪክቶሪያ የምድር ባቡር መስመር አየር ማውጫ ነው። በ1970 አካባቢ የሰፈሩ ሰዎች አስቀያሚ ግንብ አይሠራብንም ብለው ስለ ተከራከሩ እንዲህ አስጊጠው ሠሩት። ሥራ ፍለጋ ስንሮጥበት የኖርነው ከተማ እንዲህ ያለ ነገር ደብቆናል።

ገና 319 ጉዞ ይቀረኛል። እስከዚያው ግን ለጀማሪ ወገኖቼ የምለው ይህን ነው፦ ቀላሉን ሞተር ግዙ፣ ከአንዷ ቀን በላይ ተማሩ፣ የመድኑን ውል አንብቡ፣ ትከሻችሁን ዞር ብላችሁ እዩ። በሰው አገር የሚጠብቀን ዘመድ የለም፤ እቤት የሚጠብቀን ግን አለ።

ቸር ይግጠመን።